«ግድ የለም» ያለው ተማሪ

አንድ ተማሪ ነበር። ስሙ ቢያድግልኝ ይባላል። እናቱ ወይዘሮ የሺመቤት ከእሱ በፊት የወለደቻቸው አልበረከቱላትም ነበርና፣ ይኼኛውን ታቅፋ «ምነው ይኼ እንኳ ቢያድግልኝ» ስትል ስሙ በዚያው ወጣለት። አደገላትም። በትምህርቱ የሰፈሩ መኩሪያ ሆነ፤ ስኮላርሺፕ አግኝቶም ብርዱ አጥንት ድረስ ወደሚዘልቅበት ሩቅ አገር ሄደ።

ልጁ ጨዋ ነበር። ጨዋ ስላችሁ እኛ ጨዋ የምንለውን ዓይነት ማለቴ ነው። ሰው ቤት ገብቶ «ብላ» ሲሉት «አሁን በልቼ ነው የመጣሁት» ይላል። «ትንሽ ቅመስ» ሲሉት «ኧረ ጠግቤያለሁ» ይላል። ባለቤቲቱ ቆጣ ብላ «በሞቴ! አፈር ስሆን!» ስትለው ነው እጁን የሚታጠበው። ሆዱ ግን ከበሩ ጀምሮ ሲጮህ ነበር። ይኼን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ያደግንበት ነው። የመጀመሪያው እምቢታ ለወግ፣ ሁለተኛው ለክብር ነው፤ እውነቱ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው።

በዚያ አገር ግን «በሞቴ» የሚል ሰው የለም። ቢያድግልኝ ማርቲን የሚባል የዚያው አገር ልጅ ጎረቤት ነበረው፤ ክፍላቸው ግድግዳ ለግድግዳ ነው፣ ወጥ ቤቱን በጋራ ይጠቀማሉ። ማርቲን ምግብ ሲሠራ «ትበላለህ?» ይለዋል። ቢያድግልኝ «አይ፣ በልቻለሁ» ይላል። ማርቲን «እሺ» ይልና ብቻውን ቁጭ ብሎ ሳህኑን ጥርግ ያደርጋል። የኛው ልጅ ክፍሉ ገብቶ «አይ ስስት! ደግሞ እኮ አያፍርም፣ ፊቴ ላይ ነው የሚበላው!» እያለ ደረቅ ዳቦውን ይገምጣል። ማርቲን ግን ስስታም አልነበረም። እነሱ ዘንድ እምቢ ያለን ሰው መጎትጎት ነውር ነው፤ ሰውየውን እንደ ሕፃን መቁጠር ነው። እሱም በአገሩ ጨዋ መሆኑ ነበር።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ያስቃል። ከዚህ በኋላ አያስቅም።

ብርዱ በጠናበት ወቅት ቢያድግልኝን ሳል ያዘው። ጉንፋን ነው ብሎ ናቀው። ሻርፑን ጠምጥሞ ክፍል ይገባል፣ ላይብረሪ ይቀመጣል፣ ሳሉ ሲመጣበት ሰው እንዳይረብሽ እየሮጠ ኮሪደር ይወጣል። እየቆየ ትኩሳቱ አልበርድ አለ። ከጎድን አጥንቱ ሥር የሚወጋው ነገር መጣ፤ ትንፋሽ ሲስብ ይብስበታል። ደረጃ መውጣት ስላቃተው መሀል ላይ ስልኩን የሚያይ መስሎ ቆሞ ያርፋል። አንድ ጠዋት አክታው ውስጥ ደም አየ። ያን ጊዜ ጉንፋን እንዳልሆነ ገባው፤ ሐኪም ካላየው እንደማይተርፍም ገባው።

ታዲያ ለምን አልሄደም ትሉኝ ይሆናል። ሐኪም ቤቱ ሩቅ ነው፤ አውቶቡስ ፌርማታው ድረስ የሚያደርስ ጉልበት አልነበረውም። አምቡላንስ መጥራት ይችል ነበር፤ «በሁለት እግሩ ቆሞ አምቡላንስ ጠራ ይሉኛል» ብሎ አፈረ። ማርቲን መኪና አለው። ግን ሄዶ በሩን ማንኳኳት ለቢያድግልኝ ከልመና አይተናነስም። «ሰው ከሆነ ራሱ ይመጣል» አለ።

ማርቲን መጣ። እውነቴን ነው፣ መጣ! ሳሉን በግድግዳው ሲሰማ ሰንብቶ በሩን አንኳኳ፤ ፊቱን ሲያየው ደነገጠ።

«ታመሃል እኮ! መኪናዬ ታች ነው፣ ሐኪም ቤት ልውሰድህ?»

የቢያድግልኝ ልብ ዘለለች። አፉ ግን እንደለመደው፣ «ኧረ ግድ የለም፣ አትቸገር። ጉንፋን ነው፣ ይተወኛል» አለ።

«እርግጠኛ ነህ? ልወስድህ እችላለሁ።»

«አይ፣ አይ። ደህና ነኝ።»

«እሺ። ካስፈለግኩህ አለሁ» አለና ማርቲን በሩን በቀስታ ዘግቶ ሄደ።

ቢያድግልኝ አልጋው ላይ ጋደም ብሎ ጆሮውን በሩ ላይ ጣለ። «አሁን ይመለሳል» አለ። ኮሪደሩ ላይ ኮቴ በሰማ ቁጥር ቀና ይላል። ኮቴው አልፎ ይሄዳል። ይኼኔ አገሩ ቢሆን ኖሮ! እኛ ዘንድ ታማሚን ማን ፈቃዱን ይጠይቀዋል? ዝም ብሎ ይወረራል እንጂ። አንዷ ፌጦ ይዛ ትመጣለች፣ ሌላዋ ጠበል ይሻለዋል ብላ ትከራከራለች፣ አባወራው «ዞር በሉ!» ብሎ ልጁን አዝሎ ይወጣል። ታማሚው «ደህና ነኝ» ቢል «ዝም በል አንተ!» ነው መልሱ። ቢያድግልኝ ያን ጩኸት ናፈቀ። የሚጮህበት ሰው አጥቶ አለቀሰ። «ለካ ሰው የለኝም» አለ፤ እንዲህ ሲል ሰውየው ከግድግዳው ወዲያ ተቀምጦ ነበር።

በማግስቱ እናቱ ደወለች።

«ድምፅህ ምነው ልጄ?»

«ብርድ ነው እማዬ። ደህና ነኝ፣ ተመስገን።»

«አይደለህም። በሞቴ እውነቱን ንገረኝ።»

ያ ሲጠብቀው የነበረው ቃል ይኸው መጣ፤ የመጣው ግን ምንም ልታደርግለት ከማትችል ሰው ነበር። ባሕር ማዶ ላለች እናት ታምሜያለሁ ብሎ መንገር እሷን ቁጭ አድርጎ መግደል ነው ብሎ አሰበ። «ኧረ ደህና ነኝ እልሻለሁ» አላት።

«እንግዲያው ‹እማዬ ትሙት› በለኛ!»

ይኼን መማል አልቻለም። ስልኩን ዘጋና ኔትወርክ ተቋረጠ ብላ እንድታስብ ተመኘ። እናትን ግን ኔትወርክ አያታልላትም። መልሳ ደወለች። አላነሳም። እንደገና ደወለች፤ ደጋግማ ደወለች። እያለቀሰች ስትደውል፣ እየጸለየችም ስትደውል ቆየች። እሱ ወዲያ ትኩሳቱ ጥሎት ስልኩ ትራሱ ሥር ሲጮህ መስማት ካቆመ ቆይቷል።

የማያባራውን ጩኸት የሰማው ማርቲን ነው። መጥቶ አንኳኳ፤ መልስ የለም። የሕንጻውን ጠባቂ አስጠርቶ በሩን አስከፈተ። ያየውን አይቶ በዚህ ጊዜ ማንንም አልጠየቀም፤ ቢያድግልኝን ተሸክሞ ደረጃውን ወረደ፣ መኪናው ውስጥ አስገብቶ እየበረረ ሐኪም ቤት አደረሰው።

ሐኪሟ መርምራ ስትወጣ ራሷን ነቀነቀች። «ሳንባው በጣም ተጎድቷል፣ ደሙም ተመርዟል። ቀደም ብሎ ቢመጣ በመድኃኒት የሚድን በሽታ ነበር» አለች።

ቢያድግልኝ ለጥቂት ጊዜ ነቃ። ማርቲን አጠገቡ ተቀምጦ ነበር፤ ዓይኖቹ ቀልተዋል።

«ልውሰድህ ብዬህ ነበር እኮ» አለው፤ «ለምን እምቢ አልከኝ?»

ቢያድግልኝ ትንፋሹን ሰብስቦ፣ «ሁለቴ ብቻ ነው ያልከኝ» አለ።

ማርቲን አልገባውም። «ስንቴ ልልህ ኖሯል?»

«አንዴ ብትጨምር… እሺ ልልህ ነበር።»

ማርቲን ወንበሩን ሳብ አድርጎ የልጁን እጅ ያዘ። ከዚያ በኋላ ቢያድግልኝ አልተናገረም፤ ሳይመሽ ሞተ።

መርዶ ነጋሪዎቹ በማለዳ እናቱ ደጅ ደረሱ። ገና ሳትከፍት አወቀችው። ለቀስተኛው ድንኳኑን ሲሞላ፣ የሰፈሩ ሽማግሌዎች እንደ ወጉ ሊያጽናኗት ሞከሩ።

አንደኛው አዛውንት፣ «እህቴ የሺመቤት፣ እንዴት ያለ ልጅ ነበር መሰለሽ! በሰው አገር፣ ያን ያህል ታሞ፣ ማንንም ሳያስቸግር ሞተ» አሉ። ሰዉም «እውነት ነው፣ እውነት ነው» አለ።

ወይዘሮ የሺመቤት ነጠላዋን ከፊቷ ላይ ገፈፈች።

«ምነው ባስቸገረ!» ብላ ጮኸች። «ምነው አገር ምድሩን ባስቸገረ! ምነው በር ሁሉ በደበደበ፣ ሰው ሁሉ በሰለቸው፣ ‹ይኼ አስቸጋሪ› ተብሎ በተሰደበና ልጄ በቆመልኝ! ማን ጠየቀው እንዳያስቸግር? እናንተ ናችሁ? ወይስ እኔ ነኝ?»

ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሁሉ አንገቱን ደፋ፤ ልጁን ያስተማሩት ሁሉም ነበሩና።

እንግዲህ ወዳጆቼ፣ ማርቲንን አልወቅሰውም። የኛን ወግ ማን ነግሮት? ልጁንም ለመውቀስ አንጀቴ አልችል አለኝ። ሁለት ጨዋነት ግድግዳ ለግድግዳ ተቀምጠው መሀላቸው ሰው ሞተ፣ ይኸው ነው። አባቶች «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብለው ነበር። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ብለውም ነበር፤ ሹመት ብቻ መሰላቸው እንጂ ነፍስም ይቀራል። ለምግብ መግደርደር ያምራል፤ ቢበዛ ጦም ያሳድራል። ሕመም ግን «በሞቴ» እስኪባል ቆሞ አይጠብቅም። እጁን የዘረጋልህን ሰው በመጀመሪያው ጊዜ እሺ በለው። አንተም ደግሞ «ደህና ነኝ» የሚል የታመመ ፊት ስታይ፣ ነውርም ቢሆን አንዴ ጨምርለት፤ ነፍስ የምታተርፈው በዚያች አንዴ ሊሆን ይችላል።

አንድ ነገር ልጠይቃችሁና ላብቃ። ዛሬ «እንዴት ነህ? እንዴት ነሽ?» ላላችሁ ሰው «ደህና፣ ተመስገን» አላችሁ አይደል? እውነት ደህና ናችሁ?