የደጃዝማች ጥሶ ጽጌረዳ

ደጃዝማች ጥሶ ከባሕር ማዶ ያስመጡት፣ በዘይት ቀለም የተሣለ የአበባ ሥዕል በእልፍኛቸው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር። ጽጌረዳው ከማስቀመጫው አፍ ሞልቶ ሲታይ፣ በቅጠሉ ላይ ያለው የጠል ጠብታ አሁን የሚወድቅ ይመስላል። ደጃዝማቹም ከመኩራታቸው የተነሣ ገቢ ወጪውን ሁሉ «መዓዛው እንዴት ነው?» ሳይሉ አያሳልፉም ነበር።

አንድ ቀን አንዲት ባልቴት «የአባቴን መሬት የእርስዎ ምስለኔ ቀማኝ» ብላ በፊታቸው ቆመች። ምስለኔውም ሦስት ምስክሮች አቀረበ። ደጃዝማቹ ግን ከሙግቱ አስቀድመው ወደ ሥዕሉ አመለከቱ።

«እስቲ አሽትቱልኝ።»

የመጀመሪያው ምስክር ዓይኑን ጨፍኖ በረዥሙ ሳበ። «ጌታዬ፣ ራስ ያዞራል!» ሁለተኛው «ልብሴን እንኳ አወደው» አለ። ሦስተኛው መዓዛው ገና ከውጭ በር ላይ እንደ ተቀበለው ማለ። ቀጥለውም መሬቱ ከጥንት ጀምሮ የምስለኔው እንደ ነበረ በአንድ ቃል መሰከሩ።

ደጃዝማቹ ወደ ባልቴቷ ዞሩ። «አንቺስ? መዓዛው ደረሰሽ ወይስ አልደረሰሽም?»

ምስለኔው በጢሙ ውስጥ ፈገግ አለ። አልደረሰኝም ብትል ጌታውን ማዋረዷ፣ ደረሰኝ ብትል በችሎት መዋሸቷ ነውና።

ባልቴቷ ወደ ሥዕሉ ቀረበች፤ አሸተተች፤ ነጠላዋንም አስተካክላ እጅ ነሣች።

«ጌታዬ፣ ይህ መዓዛ ለእኔም ደርሶኝ ቢሆን ኖሮ፣ መሬቱ የምስለኔው ነው ብዬ አራተኛ ምስክር በሆንሁ ነበር።»

ደጃዝማቹ ሥዕሉን አዩ፤ ምስክሮቹን አዩ፤ ሳቃቸውም አመለጣቸው። መሬቱን ለባልቴቷ ፈረዱላት። ምስክሮቹ ግን ከእልፍኙ ተባርረው ሲወጡ እንኳ መዓዛውን ማድነቃቸውን አልተዉም።