ዳንቴል የለበሰው ኮምፒውተር

ልንገራችሁ? "ንገሪን" በሉኛ! እንዲያ ከሆነ ጠጋ በሉ፤ በመሃል ያቋረጠኝ ግን ከሀ ያስጀምረኛል።

አዋሽ ከተማ ሽታዬ የምትባል ሙሽራ ነበረች። የፈለገችው አንድ ፎቶ ብቻ ነው፤ ጥር ላይ ስትዳር ከአባቷ ጋር የተነሳችው። አባቷ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ከሠርጉ ወዲህ አርፈዋል። ካሜራ ሲያዩ የሚሸሹ ሰው ስለነበሩ ሌላ ፎቶ የላቸውም። ያቺ አንዷም ያለችው በፎቶ አንሺው በታምሩ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ኮምፒውተሩ ደግሞ ታሟል።

ታምሩ አጠፋው፣ አበራው። ገመዱን ነቀለው፣ ሰካው። በመዳፉም መታ መታ አደረገው። "ቫይረስ ነው" አለ፤ እሱ ያላወቀው በሽታ ሁሉ ቫይረስ ነው። ሽታዬም ታምሩን ትታ ፕሪንተሩን ለመነች።

"ፕሪንተር፣ ፕሪንተር፣ አባቴን አትምልኝ።"

"ሃርድ ዲስኩ ፎቶውን ካልሰጠኝ አላትምም" አለ ፕሪንተሩ።

"ሃርድ ዲስክ፣ ፎቶውን ስጥ፤ ፕሪንተሩ አላትምም አለ፣ እኔም አባቴን አጣሁ።"

"ቀጭ! ቀጭ! ተቃጠልኩ እኮ! ማራገቢያው ካላበረደኝ አልሰጥም" አለ ሃርድ ዲስኩ።

"ማራገቢያ፣ ሃርድ ዲስኩን አብርድ፤ ሃርድ ዲስኩ አልሰጥም አለ፣ ፕሪንተሩ አላትምም አለ፣ እኔም አባቴን አጣሁ።"

"በዚህ ሙቀት ዳንቴል አልብሰውኝ በምን ልተንፍስ? ዳንቴሉ ካልተነሳልኝ አልዞርም" አለ ማራገቢያው።

እውነቱን ነው። ጣዎስ የተሠራበት ነጭ ዳንቴል ኮምፒውተሩን ከላይ እስከ ታች ሸፍኖታል።

"ዳንቴል፣ ተነስ፤ ማራገቢያው አልዞርም አለ፣ ሃርድ ዲስኩ አልሰጥም አለ፣ ፕሪንተሩ አላትምም አለ፣ እኔም አባቴን አጣሁ።"

"ያለበሱኝ እትዬ አስካለ ካላነሱኝ ንቅንቅ አልልም" አለ ዳንቴሉ።

እትዬ አስካለ የታምሩ እናት ናቸው። በሩ አጠገብ ተቀምጠው ለፕሪንተሩም ሌላ ዳንቴል እየሠሩለት ነበር፤ ፕሪንተሩ ይሄን አላወቀም እንጂ።

"እትዬ አስካለ፣ ዳንቴሉን ያንሱልኝ፤ ዳንቴሉ አልነሳም አለ፣ ማራገቢያው አልዞርም አለ፣ ሃርድ ዲስኩ አልሰጥም አለ፣ ፕሪንተሩ አላትምም አለ፣ እኔም አባቴን አጣሁ።"

"አላነሳም! አቧራ እንዳይገባበት ብዬ ሦስት ወር ሙሉ ዓይኔ እስኪፈዝ ሠራሁለት፤ አንድ ቀን 'እጅሽ ይባረክ' አላለኝም። ልጄ ካላመሰገነኝ አላነሳም!"

"ታምሩ፣ እናትህን አመስግን፤ እሳቸው አላነሳም አሉ፣ ዳንቴሉ አልነሳም አለ፣ ማራገቢያው አልዞርም አለ፣ ሃርድ ዲስኩ አልሰጥም አለ፣ ፕሪንተሩ አላትምም አለ፣ እኔም አባቴን አጣሁ።"

"ደንበኛ ፊት 'ማሙሽ' እያለች እየጠራችኝ? አላመሰግንም!" አለ ታምሩ፤ ጢሙን ያጎፈረ ሰውዬ።

ከዚህ በኋላ ማንን ትለምን? ሽታዬ ወንበሩ ላይ ዘፍ ብላ አለቀሰች።

"አባባ የሠርግ ቀሚሴን በእጃቸው ሰፉልኝ። በግርግሩ 'እጅዎ ይባረክ' ሳልላቸው አለፉብኝ" አለች።

ታምሩ አፈረ፤ ከልቡ አፈረ። ወደ በሩ ሄደና ጎንበስ አለ።

"እማዬ፣ እጅሽ ይባረክ።"

"አንተም ተባረክ፣ የኔ ማሙሽ!"

ታምሩ እንዳልሰማ ሆነ። እትዬ አስካለ ዳንቴሉን አነሱ፣ ማራገቢያው ዞረ፣ ሃርድ ዲስኩ በረደ፣ ፎቶውን ሰጠ። ታምሩ ቶሎ ብሎ ያለውን ሁሉ ፍላሽ ላይ ገለበጠ፤ ሃርድ ዲስኩም የያዘውን አስረክቦ ጡረታ ወጣ። ከዚያ ፕሪንተሩ አተመ።

ፎቶው ላይ አባቷ ካሜራውን አላዩትም። ተንበርክከው፣ ክር በጥርሳቸው ነክሰው የቀሚሷን ጫፍ ይሰፋሉ። ሽታዬ ፎቶውን በሁለት እጇ ያዘችው።

"አባባ፣ እጅዎ ይባረክ" አለች።

የእኔ ወሬ እዚህ ያበቃል፤ እናት አባት ያላችሁ ግን ተቀምጣችሁ ምን ትጠብቃላችሁ?