አልበራም ያለው የሰዓዳ መብራት

ጠጋ በሉ እስኪ፣ የነገር ሰንሰለት ልጎትትላችሁ ነው። አንዱን ስስበው ሌላው ይከተላል፤ ቢረዝምባችሁ እኔን አትውቀሱ።

ደሴ ውስጥ ሰዓዳ የምትባል ዳቦ አመላላሽ አለች። ኤሌክትሪክ ስኩተሯ ዳገቱ ላይ እየለገመ ቢያስቸግራት አራቱን አሮጌ ባትሪዎች፣ በድምሩ አርባ ስምንት ቮልት የሆኑትን፣ አውጥታ ባለ ስልሳ አስገባች። ዳገቱ ሜዳ ሆነላት። የቆመ ስኩተር ቁልቁል መንሸራተቱ ግን አልቀረም፤ ስለዚህ በቆመች ቁጥር ይዛው የምትዞረውን ድንጋይ አውርዳ ከጎማው ስር ታኮ ታደርጋለች።

ዛሬ ማምሻውን ቁልቁለቱ ስር ባለው ክሊኒክ የአባቷ የጋሽ ይመር የዓይን ፋሻ ይነሳል። ሦስት ዓመት ሙሉ አላዩም። "ፋሻው ሲነሳ መጀመሪያ ማየት የምፈልገው አንቺ መብራትሽን አብርተሽ ስትመጪ ነው" ብለዋታል። ሰዓዳም የፈለገችው ይችኑ ነው።

ማብሪያውን ብትጫን መብራቱ፣ "እኔ የለመድኩት አርባ ስምንት ነው። ስልሳ ብትለቂብኝ ተቃጥዬ መቅረቴ ነው። ቮልት ቀናሽ አምጪልኝ" አላት።

ወደ ኤሌክትሪክ ዕቃ ጠጋኙ ወደ አራጋው ሄደች፤ ድንጋዩን አወረደች፣ ታኮ አደረገች። ቀናሹ መደርደሪያው ላይ ተኮፍሷል። "መብራቱ አልበራም አለ፤ ስልሳውን ቀንስለት" ብትለው፣ "ሽቦዬ ሳይበየድ አልቀንስም" አለ።

"እውነቱን ነው" አለ አራጋው። "መበየጃዬን ጋሽ እንድሪስ ተውሰው ወስደው ቀሩ።"

ጋሽ እንድሪስ የሰፈሩ እድር፣ ቅሬው፣ ሲሰበሰብ በሜጋፎን እየዞሩ የሚለፍፉት ሰው ናቸው። ደጃቸው ደረሰች፤ ድንጋዩን አወረደች፣ ታኮ አደረገች። "ጋሼ፣ መበየጃው ቀናሹን አልበየደም፣ ቀናሹ ስልሳውን አልቀነሰም፣ መብራቱም አልበራም" አለቻቸው።

"የኔ ልጅ፣ ሜጋፎኑን በይጄዋለሁ። ሲናገር ሳልሰማ ግን መበየጃውን አልመልስም። ባለፈው አምኜው መልሼ በማግስቱ ዝም አለብኝ" አሉ።

ሜጋፎኑም፣ "ባትሪዬ ሞቷል። ባለ አሥራ ሁለት ቮልት ካልመጣልኝ ትንፍሽ አልልም" አለ። ግትር ነገር!

ሰዓዳ አሰበች። ከአራቱ አሮጌ ባትሪዎች አንዷ ነፍስ አላት፤ ለጎረቤቷ ለእትዬ ወለላ ሰጥታቸዋለች። ሮጣ ሄደች፤ ድንጋዩን አወረደች፣ ታኮ አደረገች። "እትዬ፣ ባትሪዋ ሜጋፎኑን አላናገረችም፣ ሜጋፎኑ መበየጃውን አላስለቀቀም፣ መበየጃው ቀናሹን አልበየደም፣ ቀናሹ ስልሳውን አልቀነሰም፣ መብራቱም አልበራም።"

"ውይ ልጄ፣ ባትሪዋ እኮ የዶሮዬን ቤት ክዳን ተጭናልኛለች። ባነሳት ሸለምጥማጥ ይገባል። ሌላ ከባድ ነገር አምጪና ውሰጃት" አሉ እትዬ ወለላ።

ይኸው እንግዲህ። ክዳኑ ባትሪዋን አልለቅም አለ፣ ባትሪዋ ሜጋፎኑን አላናገረች፣ ሜጋፎኑ መበየጃውን አላስለቀቀ፣ መበየጃው ቀናሹን አልበየደ፣ ቀናሹ ስልሳውን አልቀነሰ፣ መብራቱ አልበራ። ፀሐይዋ ደግሞ ማንንም አልጠብቅም ብላ ቁልቁል ወረደች። ሰዓዳ ሽቅብ ሰማዩን አየች። አባባ ዓይናቸውን ሲገልጡ ጨለማ ሊጠብቃቸው ነው።

ከባድ ነገር ፍለጋ ልትሄድ ጎንበስ ብላ ድንጋዩን አነሳች። ወገቧ ተንቋቋ። እንደያዘችው ቀረች።

"ወይ እኔ! ቀኑን ሙሉ የተሸከምኩት ምን ሆኖ ነው? እትዬ፣ ስኩተሩን ያዙልኝ፣ እንዳይሄድ!"

ድንጋዩ ክዳኑን ተጫነ፣ ክዳኑ ባትሪዋን ለቀቀ፣ ባትሪዋ ሜጋፎኑን አናገረች፣ ሜጋፎኑ "ቅሬ ነገ ነው!" ብሎ መበየጃውን አስለቀቀ፣ መበየጃው ቀናሹን በየደ፣ ቀናሹ ስልሳውን ቀነሰ፣ መብራቱም ቦግ አለ።

ሰዓዳ ቁልቁለቱን ወረደችው። ጋሽ ይመር ፋሻቸው ተነስቶ ክሊኒኩ በር ላይ ቆመዋል። መብራቱ ፊታቸው ላይ ሲያርፍ እጃቸውን ከዓይናቸው ፊት ጋረዱ።

"ሰዓዳ፣ ቀንሺው ልጄ፣ ዓይኔን ወጋኝ።"

"ስንቱን አስቀንሼ መጥቼ አሁንም ቀንሺ?" አለች፤ እያለቀሰች ትስቃለች። ዘላ ልታቅፋቸው ፈለገች፤ ግን ታኮ የላትም፤ ብትለቀው ስኩተሩ ሊሄድ ነው። እንደያዘችው ቆመች።

ጋሽ ይመር ግራ ቀኙን አዩ። ማንም ሳይመራቸው መንገዱን ተሻገሩ፣ ከዳር አንድ ድንጋይ መርጠው አነሱ፣ መጥተውም ከጎማው ስር ታኮ አደረጉላት።