በሁለት እጅ የተቀበለው ማር

«እህቴ፣ ምናለ ትንሽ ጨዋ ብትሆኚ?» አላት ካርታ።

«ጨዋ እንዴት ነው የሚኮነው?» አለች ጯሂት።

«እንደ እኔ ነዋ። ተራራ ሲርቅ አረንጓዴ እሆናለሁ፣ ሲቀርብ እቀላለሁ። ያየ ያያል። ማንንም አልረብሽም።»

ስሙኝ እንግዲህ። ብረት እንደ ሰው በሚያወጋበት፣ ተራራም ሲጠሩት አቤት በሚልበት ዘመን፣ በአንዲት ሄሊኮፕተር ውስጥ ወንድምና እህት ይኖሩ ነበር። ካርታ የተራራውን ርቀት በቀለም የሚያሳይ ሰሌዳ ነው፤ ፊቱ ብቻ ነው ለሰው የሚታየው፤ ድምፁ ለሰው አይሰማም። ጯሂት ደግሞ መሬት ሲቀርብ የምትጮህ ማስጠንቀቂያ ናት፤ ለሰው የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነበራት፤ «መሬት! መሬት! ወደ ላይ!» ሥራዋም አንድ ነበር፤ አብራሪውን ካፒቴን አስናቀን ወደ ቤቱ መመለስ።

ካፒቴኑ ከየአምባው በሽተኛ ያመላልሳል። አንድ ቀን አምባ ላይ ሊያርፍ ዝቅ ሲል ጯሂት ጮኸች።

«ልናርፍ እኮ ነው፣ እመቤቴ» አለ እየሳቀ።

ለእሷ ግን ማረፍም መውደቅም አንድ ነው። ሁለቱም ወደ መሬት ነው።

ሌላ ቀን አያ ድልነሳ የሚባሉ ሽማግሌ በቃሬዛ ተጭነው ነበር። ሆስፒታሉ ግቢ ሊያርፉ ሲሉ ጯሂት ጮኸች። ሽማግሌው መሞቻቸው የደረሰ መሰላቸው።

«በቃ» አሉ፣ እግራቸውን ይዞ ወደተቀመጠው ጎረቤታቸው ዞረው። «ያንን ሙክትህን የበላሁት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አለ ጎረቤታቸው። «ሽታው እኔ ቤት ድረስ መጥቶ ነበር።»

ካፒቴኑ በሳቅ ፈረሰ። የጯሂትን ማብሪያ ወደ ታች ተጫነና «በሽተኛ አትግደይብኝ» አላት። ከዚያ ወዲህ ልማዱ ሆነ። ሊያርፍ ሲል ያጠፋታል፤ ሊነሳ ሲል «በይ አሁን ተቆጪኝ» ብሎ ያበራታል።

«አየሽ?» አላት ካርታ። «ዝም ስትዪ ተወደድሽ።»

ጯሂት መወደዱ ደስ አላት። ኋላ የቆጫት ይኸው ነው።

አያ ድልነሳ ድነው ወደ አምባቸው የተመለሱ ቀን ጉም ከሸለቆው ይወጣ ነበር። ካፒቴኑ ጯሂትን አጥፍቶ አረፈ፤ ሽማግሌውን አወረደ፤ ሞተሩን ግን አላጠፋም። እጁን ወደ ማብሪያዋ ሲዘረጋ ሽማግሌው ከቤታቸው ማር በቅል ይዘው ደረሱ።

«ልጄ፣ ሌላ የለኝም።»

የሽማግሌ ስጦታ በአንድ እጅ አይቀበሉትም። ካፒቴኑ የዘረጋውን እጅ መለሰ፤ ማሩን በሁለት እጁ ተቀበለ፤ አጎንብሶ ተመረቀ። ቅሉን አጠገቡ አስቀምጦ፣ ጉሙ ሳይዘጋበት ብሎ ተነሳ።

ማብሪያዋ እንደወረደ ቀረ።

ጉሙ ዘጋ። ካፒቴኑ ዓይኑን ከመስኮቱ አልነቀለም፤ ነጭ ውስጥ መሬት ይፈልጋል። ካርታ ቢጫ ሆነ። ቀላ። ሁለመናው ቀላ።

«እህቴ፣ ንገሪው።»

«አፌ ተዘግቷል።»

«አንድ ጊዜ ብቻ።»

«ጨዋ ሆኛለሁ፣ ወንድሜ።»

ካርታ ወደ ተራራው ዞረ። «እባክህ፣ ገለል በል።»

«እኔ» አለ ተራራው፣ «ከቦታዬ ተነስቼ አላውቅም። ይቅር በሉኝ።»

ካርታ እዚያው ተሰበረ። ካፒቴኑም አልተመለሰም። መካኒኩ ሽመክት ጯሂትን ከስብርባሪው ለቅሞ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤቱ አመጣት። ማብሪያዋ ላይ የደረቀውን ማር በሞቀ ውሃ አጠበ። ከባትሪ ጋር አገናኛትና ማብሪያዋን ወደ ላይ አደረገው።

«መሬት! መሬት! ወደ ላይ!»

ሽመክት በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። አላጠፋትም። ለዚህ ነው በዚያ አገር «የሚጮህልህ ያሰለችሃል፤ ዝም የሚልህ ይቀብርሃል» የሚባለው።

«መሬት! መሬት!» አለች ጯሂት፣ ለመደርደሪያው፣ ለባዶው ወለል። «ወደ ላይ!»

ሽመክት ፊቱን በእጁ ጠርጎ ወጣ። በሩን ዘጋው።