በባለቤቱ አፍ ጠፍ የሆነው መሬት

አንድ የገጠር ወረዳ ውስጥ ደምለው የሚባል ገበሬ ነበር። ከወንዝ ዳር ያለችው ማሳው የወረዳው ሁሉ ዓይን ማረፊያ ነበረች። አፈሯ ጥቁር ነው፤ ዳገት የላትም፤ በዓመት ሁለቴ ታበላለች። ጤፍ ቢዘሩባት፣ ሽንኩርት ቢተክሉባት፣ አንድም ቀን አሳፍራው አታውቅም። ደምለው ይወዳታል። ሚስቱ «ከእኔና ከማሳህ ማንን ታስቀድማለህ?» ስትለው መልሱን የሚያዘገይ ሰው ነበር።

በዚያ ወረዳ በየሰባት ዓመቱ ግብር ገማች ይመጣል። መሬቱን በገመድ ይለካል፣ አዋሳኞቹን ይጽፋል፣ ከዚያም ማሳውን ለም፣ መካከለኛ ወይም ጠፍ ብሎ ይመዘግባል። ለም ከፍ ያለ ግብር ይከፈልበታል፤ ጠፍ ግን ለወጉ ያህል ብቻ። ታዲያ ገማቹ ሊመጣ ነው ሲባል አገሬው አንድ የቆየ ልማድ አለው፤ መሬቱን ያዋርዳል። የሰባው በሬ ወደ ዘመድ ቤት ይሸኛል፤ የተቀጠረ ሠርግ እንኳ ቢኖር ቀኑ ይገፋል። ያን ሰሞን ወረዳውን ያየ እንግዳ ረሃብ የገባ ይመስለዋል።

ደምለው በዚህ ጥበብ አንደኛ ነበር። በዚያ ዓመት ሦስት ቀን ሙሉ ከተራራው ሥር በአህያ ድንጋይ እያመላለሰ በሚወዳት ማሳ ላይ በተነ። አዋሳኙ ወይዘሮ አትጠገብ፣ ባሏ የሞተባትና ብቻዋን የምታሳርስ ሴት፣ ከድንበሩ ማዶ ቆማ አየችውና ሳቀች።

«አያ ደምለው፣ ዘንድሮ ድንጋይ ልትዘራ ነው?»

«ሳቂ፣ ሳቂ! አንቺ ለም ነው ብለሽ አስጽፈሽ እንደ ሞኝ ግብር ስትገፈግፊ ትኖሪያለሽ።»

«እኔ እንኳ መሬቴን ፊቷ ቆሜ መስደብ አይሆንልኝም» አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ገማቹ በመጣ ቀን ደምለው የተቀደደች ጋቢ ለብሶ ጠበቀው።

«ጌታዬ፣ ይቺን መሬት ብለው አይጥሯት። የድንጋይ እናት ናት። ዘር ስበትንባት ዘሩ ራሱ ያዝናል።»

«እርግጠኛ ነዎት?» አለ ገማቹ። «የሚጻፈው የእርስዎ ቃል ነው።»

«ከፈለጉ ለልጆቼ እንኳ የማላወርሳት ናት ብለው ይጨምሩበት!»

ገማቹ ጻፈና አነበበለት። «ጠፍ፤ ድንጋያማ፤ ለእርሻ የማይሆን፤ ይህንንም ባለመሬቱ ራሱ አምኗል።» ደምለው በልቡ እየሳቀ አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ አሳረፈ። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ድንጋዩን ሳያነሣ በመካከሉ እያረሰ፣ ለወጉ ያህል እየከፈለ በየጠላ ቤቱ በጎረቤቶቹ ሲሳለቅ ኖረ።

በሦስተኛው ዓመት ወረዳው ትምህርት ቤት ሊሠራ ተነሣ። ለመሠረቱ ድንጋይ ያስፈልጋል፤ የሰው እርሻ ማበላሸት ደግሞ አይገባም። ስለዚህ ሹሞቹ መዝገቡን ከፍተው ለእርሻ የማይሆን ድንጋያማ መሬት ፈለጉ። ብዙም አልደከሙም። አንድ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዎች ዶማና መዶሻ ይዘው ደምለው ደጅ ቆሙ፤ የያዙት ደብዳቤም እንዲህ ይላል፦ «ይህ ማሳ የድንጋይ መቆፈሪያ እንዲሆን ተወስኗል። ለባለመሬቱ በመዝገቡ ልክ፣ በጠፍ ምትክ ጠፍ፣ ከተራራው ላይ ይሰጠዋል።»

ተራራውን የሚያውቅ ያውቀዋል። ፍየል እንኳ ስታልፍበት ፈጠን ብላ ነው። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባል የለ? የደምለው ቃል አፋፉን አልፎ ተራራው ላይ ወጥቶ ቁጭ ብሏል። ቆፋሪዎቹን አንድ ጊዜ ታገሡኝ ብሎ ለምኖ ወደ መዝገብ ቤት ሮጠ።

መዝገብ ያዡ አቶ ወልደሰንበት ወፍራም መነጽር ያላቸው፣ የማይቸኩሉ ሰው ነበሩ።

«ጌታዬ፣ ስሕተት ተሠርቷል! ያቺ መሬት ለም ናት፤ የለምም ለም!»

«ማን ነው ለም ናት ያለው?»

«እኔ!»

«ጠፍ ናት ብሎ የፈረመውስ?»

ደምለው አቀረቀረ። «እሱም እኔ ነኝ።»

«ሁለት ሰዎች ቢጣሉ ማስታረቅ እችል ነበር» አሉ አቶ ወልደሰንበት። «እርስዎን ከእርስዎ ጋር እንዴት አድርጌ ላስታርቅ?» ከዚያም አዘኑለትና መዝገቡን ወደ እሱ አዙረው አሳዩት። «ሰው ሁሉ ይህን መዝገብ ግብር መጠየቂያ ብቻ ይመስለዋል። ድንበር ሲገፋም፣ ልጅ ሲወርስም፣ መሬት በመሬት ሲተካም የምንከፍተው ይህንኑ ነው። የተመዘገበው አልተስማማኝም የሚል ሰው አቤት ማለት ይችላል። ማሳው ለም መሆኑን የሚመሰክር አንድ አዋሳኝ በአሥር ቀን ውስጥ ያምጡ። አለዚያ ቆፋሪዎቹ ሥራ ይጀምራሉ።»

ደምለው በምሥራቅ በኩል ወደሚያዋስነው ወደ ፈንቴ ሄደ። ፈንቴ ራሱን አከከ።

«አያ ደምለው፣ ያንተ ለም ነው ብዬ ከመሰከርኩ የእኔ ምን ሊባል ነው? የአንድ አፈር ልጆች ናቸው እኮ። እኔም ጠፍ ነው ብዬ ነው ያስጻፍኩት።»

በደቡብ በኩል ያለው ጓንጉል ደግሞ በሚስቱ በኩል «ገበያ ሄዷል» አስባለ። ቀኑ የገበያ ቀን አልነበረም። ደምለው ወዲያና ወዲህ ሲል ስምንት ቀን አለፈ። የቀረችው አንዲት ሰው ብቻ ናት፤ እሷም ሞኝ ብሎ የሰደባት። በዘጠነኛው ቀን አፍሮ፣ ጋቢውን አስተካክሎ፣ በዕድሜ የምታንሰው ሴት ደጅ ቆመ። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ «እትዬ» አላት።

«እትዬ አትጠገብ፣ መሬቴን ሊወስዷት ነው።»

አትጠገብ እስክትቀመጥ ድረስ ሳቀች። «በአንድ ጀንበር አስረጀኸኝ! ሞኟ ጋ መጣህ ማለት ነው?»

«መጣሁ። ሞኙስ እኔ ነኝ» አለና ዓይኑ እንባ አቀረረ። አትጠገብ ይህን ስታይ ሳቋን ትታ ነጠላዋን አነሣች።

በመዝገብ ቤቱም እንዲህ ስትል መሰከረች፦ «የእኔ ማሳ ለም ተብሎ ተመዝግቧል፤ ግብሬንም በዚያው ልክ እከፍላለሁ። ከእኔ ማሳ ወደ እሱ ማሳ ስሻገር አፈሩ ከእግሬ ሥር አይለወጥም። ድንጋዩ የመሬቱ አይደለም፤ በአህያ ሲጭነው በዓይኔ አይቻለሁ።»

ሹሞቹ ሄደው ድንጋዩን ሲያነሡት ከሥሩ ጥቁሩ አፈር ብቅ አለ። መዝገቡ ታረመ፤ መቆፈሪያውም ወደ ተራራው ተዛወረ። ደምለው የሁለቱን ዓመት ግብር ልዩነት እንዲከፍል፣ የበተነውንም ድንጋይ ለቅሞ ትምህርት ቤቱ ቦታ እንዲያደርስ ተፈረደበት። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ የሚባለው ይኸው ነው። ደምለው ግን እያፏጨ ነበር የሚጭነው። በፍርዱ ያዘነች ብትኖር አህያዋ ብቻ ናት።

በቀጣዩ ሰኞ አቶ ወልደሰንበት በሩን ሲከፍቱ ረጅም ሰልፍ አገኙ። ከፊት የቆመው ፈንቴ ነው፤ ጓንጉልም ከኋላው አለ።

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ ግብር ቀንሱልን የሚል ሰልፍ አይቻለሁ» አሉ መነጽራቸውን አውልቀው። «ጨምሩብን የሚል ግን ዛሬ ገና ማየቴ ነው!»

«ጌታዬ፣ እኔ እንኳ ለመጨመር ብዬ አይደለም» አለ ፈንቴ። «ለመሬቴ ስሟን ልመልስላት ብዬ ነው።»

ወዳጄ ሆይ፣ ሰው ስጥ ሲሉት ያለውን ያሳንሳል፤ ተቀበል ሲሉት ያተልቃል። መዝገቡ ግን አንድ ነው፤ ስንሰጥ የተጻፈው ስንቀበል ይነበባል። ስለዚህ ስለ ንብረትህ የተጻፈውን ሄደህ አንብብ፤ ከተሳሳተም በጊዜ አሳርመው፤ ስሕተቱ ላንተ ያደላ ቢመስልህ እንኳ። ነገሩ ደግሞ በመሬት ብቻ አያበቃም። ቤታችንን፣ ሙያችንን፣ ትዳራችንንም ሰው እንዳይጠይቀን ብለን «ኧረ ምን አላት፣ ምን አለው» የምንል ብዙ ነን። እስቲ ልጠይቅህ፤ ስላለህ ነገር ሁሉ በአፍህ የተናገርከው ነገ ጠዋት ተቆጥሮ ቢሰጥህ፣ ደስ ብሎህ ትቀበላለህ ወይስ ወደ መዝገብ ቤት ትሮጣለህ?