ክዳኑ የተቃጠለው በርሜል

የሰው ማድጋ እየከፈተ ማየት ሥራው የሆነ አንድ ሰው ነበረ። ቆይ፣ አትቸኩል፤ ጥያቄህን አልረሳሁትም። «አባ፣ ስንት ዓመት ሙሉ እየመጣሁ እናዘዛለሁ፤ የሰጡኝን ቀኖናም እፈጽማለሁ፤ ታዲያ ልቤ ለምን አያርፍም?» ነው ያልከኝ። መልሱ ያለው እዚህ ሰውዬ ጋ ነው። ቁጭ በል፤ ሰዓትህንም ተወውና ስማኝ።

ሰውዬው የአንዲት ትንሽ ከተማ የጤና ተቆጣጣሪ ነበረ። ከተማዋ የጭነት መኪና የሚያድርባት ናት፤ ጠላ ቤቱም፣ ሻይ ቤቱም፣ ምግብ ቤቱም የተደረደረው በአንድ ሰፈር ነው፤ ላይ ሰፈር ይሉታል። የጤና ቦርድም አላት። ሊቀመንበሩ ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ የጤና ጣቢያው ኃላፊ አለበት፤ የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር አለበት፤ ሥጋ የሚመረምረውም ሰው አለበት። ማክሰኞ ማክሰኞ ይሰበሰቡና ስለ ቄራው ፍሳሽ፣ ስለ ቆሻሻ መጣያው፣ ባለቤት ስለሌለው ውሻ፣ ስለ መጸዳጃ ጉድጓድ ይነጋገራሉ። ደስ የሚል ወሬ አይደለም፤ ግን እነሱ ካላወሩት ማንም አያወራውም። የተነጋገሩትን በእግሩ እየዞረ የሚያስፈጽመው ይህ ተቆጣጣሪ ነው።

አንድ ጊዜ ቦርዱ ትእዛዝ አወጣ። ሰው የሚበላበትና የሚጠጣበት ቤት ሁሉ የመጠጥ ውሃውን ክዳንና ቧንቧ ባለው በርሜል ያስቀምጥ፤ ከማድጋ በጣሳ እየጠለቁ መጠጣት ከዛሬ ጀምሮ ቀርቷል አለ። ውሃው የሚቀዳው ከወንዝ ነው፤ በዚያ ላይ የመንገደኛው እጅ ሁሉ ይገባበታል፤ ሕፃናቱም በተቅማጥ ይታመሙ ነበር። ተቆጣጣሪው ትእዛዙን ይዞ ወጣ። ያን ቀን የመጣው በወንዙ በኩል ስለነበር መጀመሪያ የገባው ከታች ጥግ ያለችው ጠላ ሻጭ ቤት ነው። ክፍት ማድጋ አገኘና ቤቷን እዚያው አሸገው። ሴትየዋ እስኪከፈትላት ድረስ ከትንሽ ልጇ ጋር በጎረቤት እጅ ከረመች። ሰፈሩ በዚያ ቀን ስለ ውሃ ምንም አልተማረም፤ ስለ ተቆጣጣሪው ግን ብዙ ተማረ።

እንዲህ ያለ በርሜል ደግሞ እንደ ልብ አይገኝም። በሰፈሩ የነበረው አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም ከላይ ጥግ ያለችው የሻይ ቤት ባለቤት ከሩቅ አስመጥታው ነው። ሰማያዊ ነው፤ ክዳኑ ላይ ፍም ወድቆበት ተቃጥሏል። ሰፈሩ በዚህ በአንድ በርሜል መላ ፈጠረ። ተቆጣጣሪው ከቢሮው ሲወጣ ከላይ ጀምሮ ወደ ታች ነው የሚወርደው፤ ከዚያ ከመጀመሪያው ቀን በቀር መንገዱን ቀይሮ አያውቅም። ሻይ ቤቷ ይገባል፤ ጓዳ ዘልቆ በርሜሉን ያያል፤ «ጎበዝ!» ይላል። ሊወጣ ሲል ታዲያ፣ «እንዴ ጋሼ! አፍዎ ላይ ምንም ሳያደርጉማ አይወጡም፤ በሞቴ!» ትለዋለች። በሞቴ ተብሎ እምቢ ማለት ነውር ነው። ደጅ በኩል ቁጭ ብሎ ሻዩን እፍ እፍ ሲል፣ በርሜሉ በጓሮ አጥር ሽንቁር አልፎ ጎረቤት ገብቷል። እዚያ ማድጋው አልጋ ሥር ይገፋል፤ አልጋ ልብሱ ይለቀቅበታል፤ በርሜሉ በቦታው ይቆማል። ተቆጣጣሪው ይመጣል፤ ያያል፤ «ጎበዝ!» ይላል፤ ቆሎ ይቀርብለታል። በርሜሉም መንገዱን ይቀጥላል።

ሳቅክ አይደል? ሳቅ፤ እኔም መጀመሪያ ስሰማው ስቄያለሁ።

ክዳኑንማ አይቶታል። በየቤቱ አይቶታል። ምን ያሰበ ይመስልሃል? አንዱ ነጋዴ እንከን ያለበትን ዕቃ በሙሉ አምጥቶ በዚህ ምስኪን ሰፈር ላይ አራገፈው ብሎ ተናደደ! ገበያ ወርዶም አንዱን የፕላስቲክ ዕቃ ነጋዴ ሰው ፊት «አታፍርም?» ብሎ ተቆጣው። ነጋዴው በርሜል ሸጦ አያውቅም፤ ግን ከጤና ጥበቃ ጋር መጨቃጨቁን ፈርቶ «ይቅርታ ጌታዬ» አለ። ተቆጣጣሪው ይህንንም ሥራ ሠራሁ ብሎ ቆጠረው።

ከዚያ ቦርዱ ፊት ቀረበና፣ «የላይ ሰፈር ውሃ ተስተካክሏል» አለ። አመሰገኑት። በጤና ጣቢያው የነበረችውን ጥቂት የውሃ ማከሚያ መድኃኒትም፣ «እነሱማ ደህና ናቸው» ብለው ለሌላ ሰፈር ላኳት።

ልጆቹ ግን መታመማቸውን አልተዉም። ጤና ጣቢያው በር ላይ ልጅ ያዘለች እናት ባየ ቁጥር «ከየት ነሽ?» ይላል፤ «ከላይ ሰፈር» ትለዋለች። ሌላዋን ይጠይቃል፤ ያው ነው። ሰውዬው ሰላም አጣ። ምሳውን ቆሞ ይበላ ጀመር። ሚስቱ ስታናግረው «እ?» ነው መልሱ። ዝንቡ ይሆናል ብሎ የሰፈሩን ቆሻሻ አስጠርጎ አስቃጠለ። ሥጋው ይሆናል ብሎ ሥጋ ቤቱን ጠዋትም ማታም እየገባ ፈተሸ፤ ጉቶውን አስፋቀ፣ መስቀያውን አስቀቀለ። በመጨረሻ ባለ ሥጋ ቤቱ፣ «ወንድሜ፣ የቀረህ እኔን መቀቀል ነው፤ ልግባልህ?» አለው። ወደ መጸዳጃ ጉድጓዶቹ ዞረ። እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ እያለ ጉሮሮው ተዘጋ። አንዱን ሳይጨርስ ሌላው ትዝ ይለዋል፤ መንገድ ጀምሮ ይመለሳል፤ ተመልሶም ለምን እንደተመለሰ ይጠፋዋል። ውሃውን ብቻ አልጠረጠረም። እንዴት ይጠርጥር? በዓይኑ ያየው ነገር ነው።

ማክሰኞ ሲሆን ቦርዱን፣ «እባካችሁ፣ ያ መድኃኒት ወደ ላይ ሰፈር ይመለስ» ብሎ ለመነ።

ሊቀመንበሩ ገረመው። «በርሜሉ በሙሉ ንጹሕ ነው ያልከን አንተ አይደለህም እንዴ?»

«እኔ ነኝ፣ ጌታዬ።»

«ታዲያ ውሃው ንጹሕ ከሆነ መድኃኒቱ ምን ይሠራላቸዋል? እዚያ ሌላው ሰፈር ከክፍት ማድጋ የሚጠጡ ሰዎች እያሉ!»

የገዛ ቃሉ መንገድ ዘጋበት። ተቀመጠ፤ ግን መቀመጫው ላይ መርጋት አቃተው፤ ስብሰባው ሳያልቅ ተነሥቶ ወጣ። እግሩ ወደ ላይ ሰፈር ወሰደው።

የሚመጣበት ቀን አልነበረም። ሆኖም የሻይ ቤቷ ባለቤት ከሩቅ አይታው ወሬው አጥር ለአጥር ቀድሞት ወረደ። እንደ ወትሮው ከላይ ጀመረ። ዛሬ ግን ሻዩን ግማሽ ጠጥቶ ይነሣል፤ ቆሎውን በእጁ ይዞ ይወጣል። በጓሮ በኩል በርሜሉን የያዙት ሴቶች እየሮጡ ነው። በዚህ ሁኔታ ከታች ጥግ፣ ያቺ ቤቷን አሽጎባት የነበረች ጠላ ሻጭ ዘንድ ደረሰ። በርሜሉ በቦታው ቆሟል። ማንም ሳይነካው ውስጡ ያለው ውሃ ገና ይንቦጫረቃል። ሰማው፤ ግን ልብ አላለውም፤ ምክንያቱም መደቡ ላይ የሴትየዋ ትንሽ ልጅ ታማ ተኝታ ነበር።

ተንበረከከ። የልጅቷ ዓይን ጎድጉዷል። የሆዷን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጎ ሲለቀው ቶሎ አልመለስ አለ። ይህ ሰውነቷ ውሃ እንዳለቀበት ምልክት መሆኑን ያውቃል። «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አላት።

«ትናንት ጠዋት ነው የጀመራት፣ ጋሼ።»

«የምትጠጣው ውሃ ከየት ነው?»

ሴትየዋ በርሜሉን አየችው። የጓሮው በር ላይ ጎረቤቶቿ ቆመዋል፤ በርሜሉን ተሸክመው ያመጡት እነሱ ናቸው፤ ላባቸውም አልደረቀም። የሻይ ቤቷ ባለቤት ከመሃላቸው ሆና ዓይኗን አጉረጠረጠችባት። ሴትየዋ አንድ ጊዜ ቤቷ ታሽጎ ምን እንደበላች ታውቃለች፤ ስለዚህ ጎንበስ ብላ የልጇን ልብስ ማስተካከል ያዘች።

ሰውዬው መሬት ላይ እንደተንበረከከ፣ «እታለም፣ ከዚህ በርሜል ከሆነ የጠጣችው እኔ የማውቀው ነገር የለም» አላት። «ሥጋውን አየሁ፣ ዝንቡን አየሁ፣ ጉድጓዱን አየሁ። ሌላ የማየው አጣሁ። ልጆቻችሁ ይታመማሉ፤ እኔ ደግሞ በየቤቱ ጎበዝ እያልኩ እዞራለሁ።»

ሴትየዋ ልጇን አየች። ከዚያ ወደ አልጋው ሄደችና ጎንበስ አለች፤ አልጋ ልብሱን ገልጣ ማድጋውን እየጎተተች አወጣችው። ክፍት ነው፤ ጣሳው ውስጡ ይንሳፈፋል። አምጥታ ከፊቱ አስቀመጠችው።

«ከዚህ ነው፣ ጋሼ። በርሜሉ የኔ አይደለም። ሰፈሩ በሙሉ ያለው በርሜል ያ ብቻ ነው፤ እርስዎ ቁጭ ሲሉ እሱ ይሄዳል። ቤቴን ያሽጉት። ልጄን ግን ያድኑልኝ።»

በመጀመሪያ የመጣበት ንዴት ነው፤ አልዋሽህም። ያ ሁሉ ሻይ፣ ያ ሁሉ በሞቴ፣ ያ ሁሉ ጎበዝ ትዝ አለው። ገበያ ላይ ያዋረደው ነጋዴ ትዝ አለው። ፊቱ በርበሬ መሰለ፤ ጎረቤቶቹም ሊሮጡ ምንም አልቀራቸውም። ነገር ግን ልጅቷ ቃተተች፤ እሱም ወደ እሷ ዞረ። ከዚህ ማድጋ በክንድ ርቀት ላይ ስንት ጊዜ ተቀምጦ ቆሎ ቆርጥሟል! ወዲያው ሰላም ካጣ ጀምሮ አግኝቶት የማያውቀውን ነገር አገኘ፤ ምን ማድረግ እንዳለበት አወቀ።

«ውሃ ቶሎ ጣጂልኝ፤ ይፍላ» አላት። ከቦርሳው ያንን ሕይወት አድን የሚሉትን ዱቄት አወጣ። ውሃው ፈልቶ ሲበርድ በጠበጠውና በማንኪያ በማንኪያ ያጠጣት ጀመር። እያጠጣት፣ ራሱን ሳያዞር፣ በሩ ላይ ለቆሙት፣ «ሂዱና ማድጋችሁን አምጡ» አላቸው። ማንም አልተንቀሳቀሰም። «ዛሬ ቤት አላሽግም። ከእንግዲህም በርሜል አላይም። የምትጠጡበትን አምጡልኝ።»

አንዷ ሄደች። ሌላዋ ተከተለቻት። ደጁ በማድጋ ሞላ፤ አንዳንዱ አንገቱ የተሰበረ፣ አንዳንዱ አረንጓዴ ያበቀለ። የሻይ ቤቷ ባለቤት ብቻ፣ «ማን ጠየቃት ይቺን!» እያለች በርሜሏን ተሸክማ ወጣች፤ ጠላ ሻጯንም ለብዙ ጊዜ አኮረፈቻት። ግን እሷም ብትሆን በርሜሏ ሰፈር ሲዞር ስትጠጣ የምትውለው ከምን ነበር? እሷም አልጋ ሥር አላት።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ተቆጣጣሪው ቦርዱ ፊት ቆሞ፣ «እስከ ዛሬ ያየሁት አንድ በርሜል ነው» አለ። ሊቀመንበሩ ጮኸበት፤ የጤና ጣቢያው ኃላፊ ሳቀበት፤ እሱ ግን ማድጋዎቹን አንድ በአንድ ነገራቸው። መድኃኒቱ ወደ ላይ ሰፈር ተመለሰ፤ በየማድጋውም ተጨመረ። ያ ክረምት ቀላል አልነበረም፤ ሕመሙም ባንድ ጊዜ አልጠፋም። ልጅቷ ግን ድናለች። ሰውዬውም ምሳውን ቁጭ ብሎ መብላት ጀመረ።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ፣ ልጄ። ያ በሻይና በቆሎ የሚያስቀምጡት ተቆጣጣሪ እኔ ነኝ። ሰፈሩ ደግሞ አንተ ነህ። በመጣህ ቁጥር ምን ታሳየኛለህ? «አባ፣ ዓርብ ከሰዓቱ በፊት ቀምሻለሁ፤ ቅዳሴ አርፍጃለሁ፤ ሠራተኛዬ ላይ ጮኼአለሁ።» ይሄን በርሜል አውቀዋለሁ እኮ! ክዳኑ የተቃጠለ ነው፤ ከስንቱ ሰው ቤት አይቼዋለሁ። አይቼም ስግደት እሰጥሃለሁ፤ አንተም ሰግደህ ትመለሳለህ፤ ከዚያ ልቤ ለምን አያርፍም ትለኛለህ። ልጄ፣ የምትጠጣው እኮ ከሌላ ነው። «ወንድምህ እንዴት ነው?» ባልኩህ ቁጥር «ደህና ነው፣ አባ» ትልና ስለ ጾምህ ትጀምራለህ። ዛሬም ገና በር ላይ ጠየቅኩህ፤ ሰዓትህን አየህ። እኔ ቤት የማሽግ ሰው አይደለሁም። መድኃኒቱም እጄ ላይ ነው፤ በርሜል ላይ ግን አላፈሰውም።

በል፣ ዛሬ ስለ ጾም አትንገረኝ። ስለ ወንድምህ ንገረኝ።