ጉሬዛን ለምን «አባ» እንለዋለን

«ተረት ተረት!»

«የእሳት ዳር እራት!»

በድሮ ዘመን ነው። አንለይ የሚባል አዳኝ ነበረ። የባላምባራስ ተድላን ልጅ የውብዳርን ወደደና ሽማግሌ ላከ። ባላምባራስም፦ «የጋሻዬን ቆዳ ብል በላው። እስከ ጥምቀት የጉሬዛ ቆዳ ካላመጣልኝ ልጄን ለሌላ እድራታለሁ» አሉ።

ጉሬዛን ታውቁታላችሁ። እሱ ራሱ ጥቁር ነው፤ ከትከሻው ግን ነጭ ጸጉር እንደ ነጠላ ይወርድለታል። በዚያ ጫካ ደግሞ በጥቁር ካባ ላይ ነጠላ የሚያጣፉ ባሕታውያን ነበሩ። ስለዚህ አዳኝ ሁሉ ጦር ከመወርወሩ በፊት «አባ!» ብሎ ይጣራል። መነኩሴ ከሆነ «አቤት ልጄ» ይላል። ጉሬዛ ከሆነ ዝም ነው። የአገሩ ሥርዓት ይኸው ነበር።

አንለይ ሰባት ቀን ለፋ። በተጣራ ቁጥር ጉሬዛው ድምፁን ሰምቶ ይሸሻል። በከተራ ዕለት ጠዋት፣ ጉም ውስጥ፣ ሾላ ዛፍ ላይ ጥቁርና ነጭ ነገር አየ። በሆዱም፦ «ከተጣራሁ ይሸሻል፤ የውብዳርም ትቀርብኛለች» አለና ሳይጣራ ወረወረ።

የወደቀው ጉሬዛ አልነበረም። ሾላ ሊለቅሙ የወጡት አባ ዘወንጌል ነበሩ። ፊደል ያስቆጠሩት፣ የነፍስ አባቱ።

ልጆቼ፣ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። ደም ግን አይለቀምም።

አንለይ እግራቸው ላይ ተደፋና፦ «አባ፣ ይፍቱኝ! ጉሬዛ መስለውኝ ነው!» አለ።

አባም፦ «ምነው ልጄ፣ ብትጠራኝ አቤት እል አልነበር?» አሉት። ከዚያም እጃቸውን ራሱ ላይ ጭነው፦ «እግዚአብሔር ይፍታህ። ከእንግዲህ ጉሬዛ ባየህ ቁጥር አባ ብለህ ጥራ። አቤት እስኪልህ ድረስ ጦር አታንሳ» አሉና አረፉ።

አንለይ ተሸክሟቸው መንደር ገባ። ባላምባራስ ነገሩን ሲሰሙ አለቀሱ። «ጥፋቱ የእኔም ነው» አሉና ያንን ብል የበላውን ቆዳ ከጋሻቸው ገንጥለው ጣሉት። የውብዳርንም ዳሩለት። በሰርጉ ግን ከበሮ አልተመታም።

አንለይ እስኪያረጅ ድረስ ጠዋት ጠዋት ጫካው ዳር ይቆም ነበር። ጉሬዛ ሲያይ «አባ!» ይላል። ከዚያም ጆሮውን አቅንቶ ይጠብቃል። ይጠብቃል። ጉሬዛው ዝም ነው። አንለይም ባዶ እጁን ይመለሳል።

እኛም ከእሱ ወርሰን ጉሬዛን «አባ» እንለዋለን። አቤት ብሎን አያውቅምና ጦር አናነሳበትም።

እኔ ተረቴን ጨረስኩ። እናንተ ደግሞ አፌን በእፍኝ ንፍሮ ዝጉልኝ፤ ለአባ ነፍስ ይሁን።